ሂርማታ ላይ ቤት ከመግዛትዎ በፊት

አዲስ አበባ ውስጥ የቤት ዋጋ አልቀመስ ካለ ወዲህ፣ ቤተሰብ በተሰበሰበበት ሁሉ የሚነሳው ወሬ አንድ ዓይነት ሆኗል። አንዱ ሐዋሳን ያነሳል፣ ሌላው ባሕር ዳርን፣ ሦስተኛው ቢሾፍቱን። «ጅማስ?» የሚል ሰው ግን እምብዛም አይገኝም። እርስዎም ጅማን የሚያውቋት በቡናዋ፣ ወይም ሳሎንዎ ጥግ ላይ ባስቀመጡት ባለ ሦስት እግር በርጩማ ይሆናል። እኔም ከዚያ የተሻለ አላውቅም ነበር። ባለቤቴ ለማስተማር ወደ ጅማ ሲዛወር ግን ዕቃችንን ጭነን ተከተልነው። ዋሽንግተን የምትኖረው ታላቅ እህቴም ወሬውን እንደሰማች ደወለች። «ግማሹን እኔ እችላለሁ፤ መሀል ከተማ ደህና ቤት ፈልጉ። እናንተ ትኖሩበታላችሁ፣ ለእኔም ንብረት ይሆነኛል» አለችን።

ይህ ጽሑፍ ያንን ቤት ስንፈልግ የተማርነውን ይነግርዎታል።

ጅማ ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። በአውሮፕላን ከሄዱ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ አባ ጅፋር አውሮፕላን ማረፊያ ይደርሳሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሄዱ ከሆነ ግን የመንገዱን ሁኔታ አስቀድመው ጠይቀው በመኪና ቢሄዱ እመርጣለሁ። ወሊሶንና ወልቂጤን አልፈው ወደ ግቤ በረሃ ሲወርዱ ሹራብዎን ያወልቃሉ፤ ወንዙን ተሻግረው ዳገቱን ሲጨርሱ መልሰው ይለብሱታል። ሰኮሩን፣ አሰንዳቦንና ሰርቦን ሲያልፉ የዛፉ ጥላ እየበዛ ይሄዳል። ጉዞዎ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ከሆነ በየደጃፉ ቡና ተሰጥቶ ያያሉ፤ መስኮቱን ከከፈቱም ሽታው መኪናው ውስጥ ይገባል። ያ ሽታ ደስ ሲል ሰውን ያታልላል። በዚያ ወቅት ጅማ የገባ ሰው ከተማዋ ዓመቱን ሙሉ እንደዚያ የደመቀች ይመስለዋል፤ እኛንም እንደዚያ መስሎን ነበር።

መሀል ጅማ ማለት በመጀመሪያ ሂርማታ ማለት ነው። ዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥታቸውን የሠሩት ከከተማው ወጣ ብሎ ጅሬን ኮረብታ ላይ ሲሆን፣ ነጋዴው ደግሞ ከታች በሂርማታ ገበያ ይሰፍር ነበር። የሐሙሱ ገበያ ከሩቅ አገር ሲራራ ነጋዴ የሚስብ ነበር። አባ ጅፋር ለአፄ ምኒልክ እየገበሩ ግዛታቸውን ራሳቸው ሲያስተዳድሩ ቆዩ፤ ያ ራስ ገዝነት ያበቃው በ1924 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ጣሊያን መጣ፤ ዛሬ በመሀል ከተማው የሚያዩዋቸው ሰፋፊ መንገዶችና አንዳንድ አሮጌ ሕንፃዎች የዚያ የአምስት ዓመት ጊዜ ናቸው። ፈረንጅ አራዳ የሚባለው ሰፈር ታሪኩን ስሙ ራሱ ይናገራል። በኋላም ጅማ የከፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ነበረች። ስለዚህ ጮጬ ላይ «ቡና የተገኘው እኛ ጋ ነው» ሲሉዎት፣ ቦንጋ ሄደው ደግሞ «የለም፣ እኛ ጋ ነው» ሲሉዎት አይገረሙ። ጥንት ሁለቱም በአንድ ጠቅላይ ግዛት ስም ይጠሩ ነበር፤ እኔ በዚህ ክርክር አልገባም።

ቤት ለሚገዛ ሰው ከዚህ ሁሉ ታሪክ ይልቅ የሚያስፈልገው አንድ ቀን ነው፤ ሐምሌ 1967 ዓ.ም.። በዚያ ወር የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ሂርማታና ፈረንጅ አራዳ የቆዩ ሰፈሮች ስለሆኑ አዋጁ ያልነካው ደጅ ጥቂት ነው። አንድ ግቢ ውስጥ ፊት ለፊት ያለው ቤት የግል፣ ከጀርባ ያለችው ሰርቪስ ደግሞ የቀበሌ ልትሆን ትችላለች። ደላላው ግቢውን በአንድ ትንፋሽ «ይኸውልዎ፣ 400 ካሬ» ብሎ ያሳይዎታል። ካርታው ላይ ያለው ስፋት ግን ሌላ ነው። እኛ ከተመለከትናቸው ቤቶች ሁለቱ እንዲህ ነበሩ።

ስለዚህ ቤቱን ከመውደድዎ በፊት ካርታውን ይጠይቁ፤ ከዚያም ይዞታው ነባር ነው ወይስ የሊዝ ብለው ይጠይቁ። በ2004 ዓ.ም. በወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 መሠረት ነባር ይዞታ ከውርስ ውጭ በማንኛውም መንገድ ለሌላ ሰው ሲተላለፍ ወደ ሊዝ ሥርዓት ይገባል። ሻጩ «እኔ እኮ ለቦታው ሊዝ ከፍዬ አላውቅም» ቢልዎት እውነቱን ሊሆን ይችላል፤ እርስዎ ግን ይከፍላሉ ማለት ነው። በዚያው አዋጅ ለመኖሪያ ቤት የሚሰጠው የሊዝ ዘመን 99 ዓመት ነው። ለንግድ ከሆነ ከአዲስ አበባ ውጭ ባሉ ከተሞች 70 ዓመት ነው። «ፊት ለፊቱን ሱቅ አደርገዋለሁ» ብለው ካሰቡ ልዩነቱን ከወዲሁ ያስሉት። ሌላም አለ፤ የኮሪደር ልማቱ ጅማም ገብቷል፤ ዋና ዋና መንገዶችና የአዌቱ ወንዝ ዳርቻ መልካቸው ተለውጧል። ለእግር ጉዞ እሰየው ነው። መንገድ ዳር ቤት ለመግዛት ላሰበ ሰው ግን ከደላላው አፍ በፊት የከተማውን ፕላን ማየት ግድ ነው።

ኑሮውስ? ስለ ኑሮው ብዙ ብናገር ደስ ይለኛል፤ ምክንያቱም ጅማን የወደድነው በኑሮዋ ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የአዲስ አበባ ብርድ የለባትም። ማለዳ ላይ ልጆቹ ያለ ጃኬት ይወጣሉ። አቮካዶና ማንጎ በየግቢው አለ፤ ጎረቤት በሳፋ ያመጣልዎታል፣ እርስዎም ሳፋውን ባዶ አይመልሱም። ባጃጅ ከየትም ወደ የትም ያደርሳል። የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል ለደቡብ ምዕራቡ አገር ሁሉ የሪፈራል ማዕከል ስለሆነ፣ ሕፃን ላለው ቤተሰብ ትልቅ እፎይታ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ቦዬ ረግረግ ሄደው ከሩቅ ጉማሬ ያያሉ። አዲስ አበባ ስንኖር ልጆቼ ጉማሬ ያዩት በቴሌቪዥን ብቻ ነበር።

ቋንቋን አስመልክቶ የሚያመነታ ወላጅ ካለ፣ አይፍራ። መሀል ከተማ በአማርኛ መግባባት ይቻላል፤ አፋን ኦሮሞ ግን የገበያውም፣ የመሥሪያ ቤቱም፣ የልጆች ጨዋታም ቋንቋ ነው። ባለቤቴና እኔ ገና እየተንተባተብን ነው። የዘጠኝ ዓመት ልጃችን ግን በስድስት ወሯ ከባጃጅ ሹፌር ጋር ዋጋ የምትከራከርልን እሷ ሆነች። በረመዳን የጎረቤት ሳምቡሳ እኛ ቤት ይመጣል፤ በፋሲካ ደግሞ ልጆቻቸው ድፎ ዳቦ ለመቁረስ እኛ ጋ ናቸው።

ዝናቡን ሳልነግርዎ ግን አላልፍም። ጅማ ላይ ክረምት በሰኔ ገብቶ በመስከረም የሚወጣ አይምሰልዎ። ዝናቡ መጋቢት ላይ ይጀምርና እስከ ጥቅምት ያንጠባጥባል፤ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ይዘንባል። ልብስ ሦስት ቀን ገመድ ላይ ይቆያል። ቁም ሣጥን ውስጥ ያለ የቆዳ ጫማ ሻጋታ ያወጣል። የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ስልክ ማውራት ዘበት ነው። ብዙዎቹ የመሀል ከተማ አሮጌ ቤቶች በእንጨትና በጭቃ የተሠሩ ናቸው፤ በጥር ሲያዩዋቸው ነጭ ቀለም ተቀብተው ያምራሉ፣ በነሐሴ ግን ግድግዳው ከሥር ጀምሮ ውኃ ይመጣል። ቤት የሚያዩ ከሆነ በዝናብ ይዩ። ሻጩ በበጋ ካሳየዎት፣ የግድግዳውን ታችኛ ክፍል በእጅዎ ይዳብሱት፤ አዲስ ቀለም የተቀባው ከጉልበት በታች ብቻ ከሆነ ምክንያት አለው። አጎበርም ይግዙ። ወባ በደጋ ለለመደ ሰው የሩቅ ነገር ይመስላል፤ እዚህ ግን የሩቅ አይደለም።

አሁን ወደዚያ ቤት ልውሰድዎ። በገበያውና በአዌቱ መካከል የሚገኝ፣ የእንጨት በረንዳ ያለው፣ ግቢው ውስጥ ትልቅ የማንጎ ዛፍ የቆመበት ቤት ነበር። ያየነው ታኅሣሥ ላይ ነው። ከፊት ያሉት ሁለት ሱቆች ተከራይተዋል፣ መንገዱ በሰው ተጨናንቋል፣ ባንኮቹ በር ላይ ሰልፍ አለ። ደላላው የሱቆቹን ኪራይ በ12 አባዝቶ «ቤቱ በዚህን ያህል ዓመት ራሱን ይከፍላል» አለን። እህቴ በስልክ ምስሉን አይታ «ያዙት!» አለች። ካርታው በሟች አባት ስም ነው። ወራሾቹ አራት ናቸው፤ ሦስቱ ወንድማማቾች አዲስ አበባ ይኖራሉ፣ ለመሸጥም ተስማምተዋል። «አራተኛዋ እህታቸው አጋሮ ናት፤ እሷ ችግር የለባትም» አለ ደላላው። «ሌላ ገዢ ስላለ ዛሬውኑ ቀብድ ጣል አድርጉ።»

ገንዘቡ ባንክ ገብቷል፤ እጄ ለመፈረም ተዘጋጅቶ ነበር። ያስቆመን የባለቤቴ የሥራ ባልደረባ ነው፤ ጅማ ተወልደው ያደጉ ትልቅ ሰው ናቸው። «ልጆቼ፣ መጀመሪያ አጋሮ ሂዱ» አሉን። «ቀብዱ አይሸሽም፤ ቤቱም እግር የለውም።»

እዚህ ላይ ስለ ቀብድ አንድ ነገር ይወቁ። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ከተወ ቀብዱን ያጣል፤ ቀብድ የተቀበለው ከተወ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። በወረቀት ላይ ሲያነቡት የሚያጽናና ነው። ነገር ግን ገንዘቡን ከሦስት ወንድማማቾች እጥፍ አድርጎ ለማስመለስ ስንት ቀጠሮ እንደሚያስፈልግ ያስቡ። ደግሞም የቤት ሽያጭ በጽሑፍ ሆኖ ሥልጣን ባለው አካል ፊት ካልተረጋገጠ አይጸናም፤ የጋራ ንብረት ከሆነም ሁሉም ባለድርሻ፣ ያገባ ካለም የትዳር ጓደኛው ጭምር መስማማት አለበት። ከአራት ወራሾች ሦስቱ ፈረሙ ማለት ቤቱ ተሸጠ ማለት አይደለም።

አጋሮ ከጅማ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። በማና ወረዳ አልፈው ወደ ጎማ ሲገቡ ቡና በዋንዛና በብርብራ ጥላ ሥር ከመንገዱ ግራና ቀኝ ይታያል። የጅማ መሀል ከተማ ቤት ዋጋ የሚወሰነው እዚህ ጥላ ሥር መሆኑን የገባኝ በዚያ መንገድ ላይ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። ገበሬው ቀዩን እሸት ቡና ለቅሞ በዚያው ቀን ወደ ማጠቢያ ሳይት ካደረሰው፣ ተፈልፍሎና ታጥቦ በአልጋ ላይ ይደርቅና የታጠበ ቡና ይሆናል፤ ሊሙ በዚህ ነው ስሟ የተጠራው። ካላደረሰው በእርጥቡ ከነገለፈቱ ያሰጣውና ጀንፈል ይሆናል። ስድስት ኪሎ ገደማ እሸት ቡና ነው አንድ ኪሎ ንጹሕ ቡና የሚወጣው። ከእሸቱ ሰብሳቢ እስከ አቅራቢው፣ ከመፈልፈያው እስከ መጋዘኑ፣ ከለቃሚዋ እስከ ጫኙ ሁሉም ገንዘብ የሚያየው ከጥቅምት እስከ ጥር ነው። ያ ገንዘብ ወደ ጅማ ይወርድና ቆርቆሮ ይገዛል፣ ሠርግ ይደግሳል፣ የሱቅ ኪራይ ይከፍላል። ሐምሌ ላይ ያው ሱቅ ጭር ይላል። የቡና ዛፍ ደግሞ አንድ ዓመት ብዙ ካፈራ በሚቀጥለው ይሰስታል፤ ዋጋውም ኒውዮርክ ላይ ይወጣል ይወርዳል። ደላላው የታኅሣሥን ኪራይ በ12 ሲያባዛ ይህን ሁሉ ዘሎ ነው። ልንገዛ የነበረው ቤት ሱቆች ተከራዮች ሁለቱም ኪራዩን የሚከፍሉት ከቡና በኋላ ጠቅለል አድርገው እንደሆነ የሰማነው ኋላ ነው።

ጅማ በቡና ብቻ ትኖራለች ብል ግን አጋነንኩ። እ.ኤ.አ. በ1952 የተከፈተው የእርሻ ትምህርት ቤትና በኋላ የተቋቋመው የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት በ1992 ዓ.ም. ተዋሕደው ዩኒቨርሲቲ ከሆኑ ወዲህ፣ ከተማዋ ወቅት የማይጠብቅ ደመወዝ አግኝታለች። ከከተማው 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ወጣ ብሎ መልኮ ያለው የምርምር ማዕከል፣ የቡና ፍሬ በሽታ አገሪቱ ከገባ በኋላ በሽታውን የሚቋቋሙ ዝርያዎችን ለገበሬው አድርሷል። ገበሬው በቁጥር የሚጠራቸው 74110 እና 74112 የዚያ ሥራ ፍሬ ናቸው፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት አኃዞች የተመረጡበትን የፈረንጅ ዓመት ያመለክታሉ። በ2011 ዓ.ም. የተመረቀ ኢንዱስትሪ ፓርክም አለ። እኔን ከጠየቁኝ፣ መሀል ከተማ ለኪራይ ቤት የሚገዛ ሰው ከቡና ነጋዴው ይልቅ መምህሩን፣ ሐኪሙንና የመጨረሻ ዓመት ተማሪውን ታሳቢ ቢያደርግ ሐምሌን በሰላም ያልፋል።

አጋሮ ስንደርስ ሴትየዋን ያገኘናቸው ደጃቸው ላይ ጀንፈል ሲያገላብጡ ነው። በስድሳዎቹ ዕድሜ የሚገኙ፣ ሻሻቸውን ጠበቅ አድርገው ያሰሩ እናት ናቸው። «አዴ» ብለን ሰላምታ ሰጠን፤ ጅማ አካባቢ ለትልቅ ሴት አክብሮት የሚሰጠው በዚህ ቃል ነው። ስለ ምን እንደመጣን ከመጠየቃቸው በፊት ቡና ቆሉ። አቦሉን ጠጣን፣ ቶናውን ጠጣን። በረካው ላይ ባለቤቴ ጉዳዩን አነሳ።

ሲኒያቸውን አስቀመጡ። «ወንድሞቼ አልሸጥም ማለቴን አልነገሯችሁም?»

አልነገሩንም።

አባታቸው ቤቱን በቡና ገንዘብ እንደሠሩት፣ የማንጎው ዛፍ እሳቸው በተወለዱበት ዓመት እንደተተከለ ነገሩን። ይህ ብቻ ቢሆን ናፍቆት ነው ብዬ አልፈው ነበር። ቀጥለው ያሉት ግን ከናፍቆት ይበልጣል። «ወንድሞቼ ገንዘቡን አዲስ አበባ ወስደው አንዲት ክፍል ላይ ያውሉታል። የእኔን ድርሻ ቢሰጡኝ እኔ ምን ላድርገው? ቡናው አንድ ዓመት ሲከዳኝ የጅማው ሱቅ ኪራይ ነው የሚያኖረኝ። የልጅ ልጆቼ ዩኒቨርሲቲ ሲገቡ የሚያድሩት እዚያ ነው። ለእናንተ ብሸጠው እናንተን አልጠላችሁም፤ ግን እኔ ነኝ ከከተማ የምወጣው።»

እኔና ባለቤቴ ተያየን። ለካ እኛ «ኢንቨስትመንት» የምንለውን እሳቸው ከእኛ በፊት ሲሠሩበት ኖረዋል። ቡናው ሲከዳ ቤቱ፣ ቤቱ ሲከዳ ቡናው። አዲስ አበባ ሆኖ በስልክ ምስል የሚገዛ ሰው ይህን አያየውም። ጉዳዩን ወደ ፍርድ ቤት ወስደው ድርሻቸው እንዲከፈል ወንድሞቻቸው መጠየቅ ይችሉ ነበር፤ ገዢ ከተገኘም ያንኑ ያደርጉ ነበር ብዬ አስባለሁ። ገዢዎቹ እኛ ነበርን።

ሲመሽ ልንነሳ ስንል «ቤት ከሆነ የቸገራችሁ፣ ከኋላ ያሉት ሦስቱ ክፍሎች ባዶ ናቸው» አሉ። «ተከራዩና ኑሩበት። ክረምቱን ካለፋችሁ በኋላ ስለ መግዛት እናወራለን፤ እሱንም ሌላ ሰው ቤት።»

እንዲህ ሆነና ተከራየን። ወንድሞቻቸው መጀመሪያ ቢያኮርፉም ኪራዩ ለአራት ሲካፈል ዝም አሉ። ውሉን በጽሑፍ አድርገን አራቱም ፈረሙ። እርስዎም ሲከራዩ የቃል ስምምነት ላይ አይቁሙ፤ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ የቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ይደነግጋል። አዋጁ የሚሠራበትን ከተማ የሚወስነው ክልሉ ስለሆነ ለሚገቡበት ከተማ ሲደርሱ ይጠይቁ። የስድስት ወር ቅድሚያ ክፈሉ የሚል አከራይ ግን የትም ይሁን ጥሩ ምልክት አይደለም።

እህቴ ተቆጥታ ነበር። «ኪራይ ለመክፈል ነው እንዴ ጅማ ድረስ የሄዳችሁት?» ብላ ለሁለት ሳምንት ስልክ አላነሳችም። ገንዘቧ አሁንም ባንክ ነው፤ የዋጋ ንረቱ በየወሩ እየበላው መሆኑን እሷም እኔም እናውቃለን። በዚህ ረገድ ትክክል ነች፤ መጠበቅም ዋጋ ያስከፍላል። እኔ የምላት አንድ ነገር ነው፤ በጥር ያየነውን ቤት በነሐሴ ደግመን ሳናይ አንፈርምም። ቆጪ አካባቢ አንድ ቤት አይተናል። ግድግዳው ብሎኬት ነው፣ ካርታው በሕይወት ባሉ ባልና ሚስት ስም ነው። ሱቅ የለውም፤ አጠገቡ የሚኖሩት መምህራን ናቸው። መስከረም ላይ እንደገና እናየዋለን።

እስከዚያው የምንተኛበት ክፍል ጥግ ላይ ጣሪያው ያፈስሳል። ባለፈው ሐምሌ ሌሊት ባልዲ አስቀምጬ፣ ሲነጋ ለአዴ ደወልኩላቸው። «የትኛው ጥግ? በማንጎው በኩል ያለው?» አሉኝ። «እሱማ አባቴ በሕይወት እያሉም ያፈስስ ነበር።» በሦስተኛው ቀን የእህታቸው ልጅ አንድ ቆርቆሮና ግማሽ ጆንያ ጀንፈል ባጃጅ ላይ ጭኖ መጣ። ቆርቆሮው ተመታ። ጀንፈሉን ፈልፍለን እየጠጣን ነው።